እናቴ ሰው መሆናቸው እንዲመዘገብልኝ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ የስልክ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ተቋርጦ የማያውቀው የግል ስልክዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የሙሽራ ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ልታይ ልታይ ብዬ አይደለም፤ በርዎ ላይ የቆመው ጥበቃ ደብዳቤ መቀበል ስለቀረ በአፕ ላክ ስላለኝ፣ አፑ ደግሞ ከሁለት መስመር የበለጠ ቅሬታ አላስገባም ስላለኝ ነው። ቅሬታዬ በሁለት መስመር የሚያልቅ ቢሆን እንዴት በወደድኩ!

አንደኛ፦ ስለ ዘመናዊነትዎ ላመስግንዎ። ድሮ ስንደውል ስልኩን የምታነሳው ሴትዮ ትቆጣን ነበር፤ እየተቆጣችም ቢሆን ግን ችግራችንን ታስተካክል ነበር። እሷን አሰናብተው በቦታዋ ያስቀመጧት ማሽን ክፉ ቃል አይወጣትም፤ ጥሪያችን ለእሷ ምን ያህል ውድ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ ትነግረንና ሙዚቃ ትከፍትልናለች። ያን ሙዚቃ አንድ ቀሚስ ዘምዝሜ ሌላ እስክጀምር ድረስ ሰምቼዋለሁ፤ የስፌት መኪናዬም ሳትለምደው አልቀረችም። በመጨረሻ መስመሩ ይቋረጥና በአገልግሎቱ ምን ያህል እንደረካሁ በኮከብ እንድገልጽ እጠየቃለሁ። ወይ ድፍረት! እርግጥ ነው፣ ይህ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ዘንድሮ ዳቦ ቤቱም ፀጉር ቤቱም አፕ አውጥቷል፤ ሰው ከሰው ጋር መነጋገሩ እንደ ኋላ ቀርነት ሳይቆጠር አልቀረም።

ሁለተኛ፦ ደንበኛ ሁሉ በገዛ ፊቱ ይመዝገብ፣ ያልተመዘገበ መስመሩ ይዘጋ ብለው ማዘዝዎን በተመለከተ፣ እናቴ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በዚህ ዓለም የቀራቸው መስኮት ስልካቸው ነው፤ ታላቅ ወንድሜ መርከበኛ ስለሆነ ወደብ በደረሰ ቁጥር የሚደውለው ወደዚያ ስልክ ነው። እሱ ደግሞ ዝርክርክ ነው፤ አንዱን ስልክ ባሕር ውስጥ ይጥላል፣ ሌላውን ያሰርቃል። በቃሉ የሚያውቀው ብቸኛ ቁጥር ከቤት ሲወጣ እናቴ እያስደገሙ ያስያዙት የእሳቸው ቁጥር ነው። ይኸው አሁን ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል፤ እናቴም ስልኩን ትራሳቸው ሥር ሳያደርጉ አይተኙም። እንግዲህ እርስዎ ልዝጋው ያሉት ይህንን መስመር ነው።

ትእዛዝዎ ትእዛዝ ነውና እናቴን ፀጉራቸውን አበጥሬ፣ ነጠላ ቀለም ካለው መጋረጃ ፊት አስቀምጬ ስልኩን ደገንኩባቸው። አፑ ዓይንዎን ይክፈቱ አላቸው። እናቴ ቢችሉማ አፑ እስኪለምናቸው እንደማይጠብቁ ነገሩኝ። ቀጠለና ወደ ክቡ ይመልከቱ አላቸው፤ ክቡ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝና በትሕትና አንገታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። ስንሞክር፣ ስንሞክር ልቤ ውልቅ አለ። በመካከል ሻሻቸው ወድቆ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ፣ ከኋላቸው ቀሚስ አልብሼ ያቆምኳት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት፣ እናቴ ሙሽሪት የሚሏት፣ ክቡ ውስጥ ገባች። አቤት፣ እንዴት ያለች ደንበኛ መሰለችዎ! አትንቀሳቀሺ ሲላት አልተንቀሳቀሰች፤ ዓይንሽን አትጨፍኚ ሲላት አልጨፈነች። አፑ አረንጓዴ አብርቶ እንኳን ደስ አለዎት፣ ሕያው ሰው መሆንዎ ተረጋግጧል አለ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፤ እናቴም ምን እንደሆነ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ መስመሩም ከመዘጋት ዳነልን። ያን ቀን ብናሳውቅ ይሻል እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ግን ማንን እናሳውቅ? ማሽኗን?

ሦስተኛ፦ ሳቃችን ሳይጠፋ ደንበኞች ምዝገባቸውን ለማረጋገጥ ቅርንጫፍ ድረስ በአካል ይቅረቡ የሚል መልእክት ላኩብን። እናቴ ክንዴን ይዘው ቀረቡ። ሠራተኛዋ፣ ጨዋ ልጅ ናት አልዋሽም፣ ኮምፒዩተሩን አየች፣ እናቴን አየች፣ ደግማ ኮምፒዩተሩን አየች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እኚህ ሴት የሌላ ሰው ቁጥር ለመውሰድ እየሞከሩ ነው አለችኝ። መስመሩ በጥርጣሬ እዚያው በእናቴ እጅ ላይ ተዘጋ። እናቴ የተዘጋውን ስልክ በሻሻቸው ጠቅልለው ክንዴን ይዘው ወጡ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ በማግስቱ ሙሽሪትን ታክሲ አሳፍሬ አመጣኋት። ጥበቃው ፈትሿት አስገባት፤ ካሜራው አወቃት፤ መዝገብዎም የመስመሩ ባለቤት እሷ ናት አለ። ሠራተኛዋ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘችና መስመሩ እንዲከፈት ግን ባለቤቷ በአንደበቷ መጠየቅ አለባት፣ መመሪያው እንደዚያ ነው አለችኝ። እናቴ አንደበት እንጂ ፊት የላቸውም፤ ሙሽሪት ፊት እንጂ አንደበት የላትም። በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ሰው አጥተን ተመለስን።

አራተኛ፦ አራተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ጋዜጣውን ልጆችም ያነቡታል።

አሁን ደግሞ ባለቤቷ ስላልጠየቀች ቁጥሩ በወሩ መጨረሻ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። ክቡር ሆይ፣ እኔ ካሳ አልጠየቅኩም፣ ይቅርታም ይቅርብኝ። ጣትዎ ከማዘዝ ሌላ የሚያውቀው ሥራ ካለ አንድ ቁልፍ ይጫኑና እናቴን ሰው ብለው ይመዝግቡልኝ። እኔ እንደ ቀልድ ጻፍኩት እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ፈርቻለሁ። ወንድሜ አንድ ቀን ከሆነ ወደብ ደውሎ ካጣን፣ እኛ እሱን የምንፈልግበት ሌላ መንገድ የለንም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ በእጅጉ እያፈርኩ፣ ወንበርዎ እንዲለሰልስ፣ ጥሪዎም ሁሉ በመጀመሪያው ጩኸት እንዲነሳ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ፊታቸው ያልታወቀ የአንዲት ደንበኛዎ ልጅ፣
ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሳያነቡ ቁጥሩን ሰጥተውት ከሆነ፣ ለአዲሱ ባለቤት የሚሆን መልእክት ከዚህ በታች አኑሬያለሁ። ወንድሜ፣ ወይም እህቴ፣ አንድ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው ደውሎ ገና ሃሎ ሳትሉት እማዬ ካለ፣ ተሳስተሃል ብላችሁ እንዳትዘጉበት። እናትህ ደህና ናቸው፣ ሁልጊዜ ያነሱሃል፣ ከገበያው ጀርባ ልብስ ሰፊው ቤት አሉ በሉልኝ። በዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጁን ያላስቸገርኳቸው፣ ለሥራው ሰው ስለሚያስፈልግ ነው።