አረንጓዴው ሎኮሞቲቭ፦ የአቶ ሬይመንድ ሆልሮይድ የሕይወት ታሪክ (1941–2024)

አቶ ሬይመንድ ሆልሮይድ ከአባታቸው ከአቶ ዊልፍሬድ ሆልሮይድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤድና ሰትክሊፍ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1941 በሰሜን እንግሊዝ በቶድሞርደን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በባቡር ጣቢያው የምልክት ሠራተኛ፣ እናታቸው በጥጥ ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ። ቤታቸው ከሐዲዱ ሥር ስለነበር ባቡር ባለፈ ቁጥር የመደርደሪያው ሳህን ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጃቸው ፊደል ሳይለይ ባቡር የሚጎትተውን የሎኮሞቲቭ ቁጥር አነበበ እያሉ እናታቸው ለጎረቤት ሁሉ ያወሩ ነበር።

ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ ተከታትለው በአሥራ አምስት ዓመታቸው በአንድ የማሽን ፋብሪካ የቶርኖ ሙያ ጀመሩ፤ በዚያም አርባ አራት ዓመት ሠሩ። በ1964 ከወይዘሮ ብሬንዳ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን ጁዲትን እና ወንድሟን አለንን ወልደዋል።

በ1972 ባቡርን ከነጣቢያው አሳንሰው የሚሠሩ ሰዎች የተሰባሰቡበት የከተማው የሞዴል ባቡር ማኅበር አባል ሆኑ። ከአሥር ባልደረቦቻቸው ጋር ሰባት ዓመት ደክመው የ1955ን የቶድሞርደን ጣቢያ ከነድንጋዩ፣ ከነጭሱና ከነልብስ ማስጫው አሳንሰው ሠሩ። በየኤግዚቢሽኑ ሰው ተሰልፎ የሚያየው ይህን ነበር። አቶ ሬይመንድ የዚያን ዘመን ሎኮሞቲቮች ቁጥርና ቀለም በቃላቸው ያውቁ ነበር። ስሕተት አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም፤ ምላሳቸውም ከባቡሮቻቸው ይፈጥን ነበር።

እስከዚህ ያለው ለመጻፍ ቀላል ነው። ቀጥሎ ያለውን ጁዲት የጻፈችው አባቷ ስላዘዟት ነው፤ ስትጽፈውም ታፍራለች።

በኖቬምበር 1989 ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር። ወይዘሮ ብሬንዳ እንደ ወትሮው ሻይ ይቀዳሉ፤ የሃያ ሁለት ዓመቷ ጁዲት አባቷን ልታግዝ ተመልካች እንዳያልፍ ከተዘረጋው ገመድ ወዲያ፣ ከሞዴሉ ጀርባ ቆማለች። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴት የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፈው መጡና ክዳኑን ከፈቱ። በጥጥ የተጠቀለለ አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ ነበር።

«ባለቤቴ ነው የሠራው። በማርች ዐረፈ» አሉ። «ሐዲድ ላይ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። አንድ ዙር ብቻ ቢዞርልኝ ብዬ ነው።»

አቶ ሬይመንድ ሎኮሞቲቩን አገላብጠው ቁጥሩን አዩ። ከገመዱ ወዲህ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል።

«እመቤቴ፣ ይህ ቁጥር አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም፤ ጥቁር ነው» አሉ። «ባለቤትዎ ጥቁር ቀለም አልቆባቸው ነበር መሰል።»

ሰዉ ሳቀ። ጁዲትም ሳቀች፤ ከሁሉም ጮክ ብላ የሳቀችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ሴትዮዋ ሎኮሞቲቩን ተቀብለው በጥጡ መልሰው ጠቀለሉት። «አረንጓዴ ይወድ ነበር» አሉና ክዳኑን ገጠሙ። «ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ።» ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

ማታ ወንበር ሲነሣ ወይዘሮ ብሬንዳ ባለቆርቆሮዋ ሴት ባቡራቸው ሄደላቸው ወይ ብለው ባላቸውን ጠየቁ። አቶ ሬይመንድ የቀለሙን ነገር አጫወቷቸው፤ ያስቃል ብለው ነበር። ወይዘሮ ብሬንዳ አልሳቁም።

«ሻይ እየጠጡ ‘ደግ ሰው የትኛው ጠረጴዛ ጋ ነው?’ ብለው ጠየቁኝ» አሉ። «ወደ አንተ የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

አቶ ሬይመንድ ሴትዮዋ ሳይሳፈሩ ሊደርሱባቸው ኮታቸውን ሳያደርጉ እስከ ባቡር ጣቢያው ሮጡ። ባቡሩ ሄዷል። የሴትዮዋን ስም እንኳ አልጠየቁም ነበርና የሚፈልጉበት መንገድ አልነበራቸውም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሳቸው ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሊያሹት ሞከሩ።

ስለ ቀለሙ ልክ ነበሩ። መጽሐፉን ደግመው ደጋግመው አይተውታል፤ ጥቁር ነው። ይበልጥ የሚያሳፍራቸውም ልክ መሆናቸው እንደሆነ ለጁዲት ነግረዋታል።

በቀጣዩ ዓመት ታላቁን ሞዴል ለባልደረቦቻቸው ትተው በሩ አጠገብ፣ ገመድ በሌለበት፣ ትንሽ ጠረጴዛ ያዙ። አንድ ክብ ሐዲድና አንድ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ብቻ አስቀመጡ። ማንም ሎኮሞቲቭ ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ ስሙን ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ ያስኬዱለታል፤ ሳይጠየቁ አስተያየት አይሰጡም። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ትሬቨር «ሬይ፣ መዋዕለ ሕፃናት ከፈትክ?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። የአራት ዓመት ልጅ በሣጥን ላይ ቆማ ነድታለች። ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ወይዘሮ ሂንችክሊፍ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ብየዳ ተምረው የራሳቸውን ጣቢያ ሠርተዋል። ዝናብ ሊያሳልፉ የገቡት የብራድፎርዱ የአውቶቡስ ሹፌር አቶ ጃቬድ ዛሬ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው። ሎኮሞቲቭ መንገድ ላይ ሲቆም በጣት መግፋት በሞዴል ባቡር ሠሪዎች ዘንድ ነውር ነው፤ አቶ ሬይመንድ ግን «ግፋው፣ ጣት የተሰጠን ለዚህ ነው» ይሉ ነበር።

በጠረጴዛቸው ላይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው አንድ አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ ነበር። የሴትዮዋን ሎኮሞቲቭ ቁጥር የያዘ ሲሆን በገዛ እጃቸው አረንጓዴ ቀብተውት ነበር። በየኤግዚቢሽኑ አንድ የባቡር ዐዋቂ መጥቶ በሰው ፊት ቀለሙ ስሕተት ነው ይላቸዋል። «ልክ ነዎት፤ አሁን ደግሞ እርስዎ ይንዱት» ብለው መቆጣጠሪያውን ያቀብሉታል። የድሮ ባልደረቦቻቸው ሬይ ማስታወስ ተሳነው ብለው ያዝኑላቸው ነበር። እሳቸውም እንደዚያ ይሁን ብለው ተዉት።

በ2015 ማኅበሩ አዳዲስ ሰዎችን በማበረታታታቸው ሜዳሊያ ሲሸልማቸው ኪሳቸው ከተው ወዲያው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ሰው ትሕትና መሰለው። ሜዳሊያው እስከ ዛሬ ከመሳቢያ አልወጣም።

አቶ ሬይመንድ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተዋል። ከማረፋቸው ስድስት ቀን አስቀድሞ ጁዲትን ጠርተው «ደግ ነበር ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊ። የሴትዮዋንም ነገር ጻፊ» አሏት።

«አባዬ፣ እኔም እኮ ስቄያለሁ» አለች።

«ዐውቃለሁ» አሉ። «እሱንም ጻፊው።»

እነሆ ተጽፏል።

አቶ ሬይመንድ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብሬንዳ፣ ልጆቻቸው ጁዲትና አለን እንዲሁም ሦስት የልጅ ልጆች በሕይወት አሏቸው። ከቀብር በኋላ በዚያው አዳራሽ ወይዘሮ ብሬንዳ ሻይ ይቀዳሉ፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ተዘርግቷል፣ አረንጓዴው ሎኮሞቲቭም ይሮጣል። ቀለሙን የምታውቁ ዛሬ ዝም በሉልን። ቆርቆሮ የታቀፈ ሰው ገብቶ ደግ ሰው የት አለ ብሎ ቢጠይቅ፣ ወይዘሮ ብሬንዳ የሚልኩበት እንዳያጡ ጁዲት ጠረጴዛው ጋ ትቆማለች።

እግዚአብሔር የአቶ ሬይመንድን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል። እኚያ ሴት ቀድመዋቸው ሄደው እንደሆነም ያገናኛቸው፤ አቶ ሬይመንድም አስቀድመው ስማቸውን ይጠይቁልን።