በጥርስ ሥር የቀረ ስባሪ፦ የዶክተር ቦና ጀቤሳ ሕይወት

ዶክተር ቦና ጀቤሳ፣ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሚካኤል፣ ከአባታቸው ከአቶ ጀቤሳ ዱጉማና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለምነሽ ቶላ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም. ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ተወለዱ። አባታቸው የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ ከአምስት ልጆች ሁለተኛው ቦና ናቸው።

ትምህርታቸውን ዊንጌት አካባቢ ተከታትለው በ1979 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በ1983 ዓ.ም. በጥርስ ሕክምና በዲፕሎማ ተመረቁ፤ ኋላም እየሠሩ ተምረው በ2000 ዓ.ም. ዶክተር ለመባል በቁ። በ1987 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰናይት አበራ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሃዊንና ቤዛብሕን አፍርተዋል።

በ1988 ዓ.ም. የሆነውን ግን እርሳቸው ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩት ስለነበር እኛም አንዘለውም። በአንድ ክሊኒክ ተቀጥረው ሲሠሩ ወ/ሮ ልዩ የሚባሉ የሻይ ቤት ባለቤት መንጋጋቸውን ታመው መጡ። የጥርሱን ሥር ሲጠርጉ ፋይል የሚባለው፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ብረት እዚያው ሥሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። በዚያን ጊዜ የብዙ ሐኪም ልማድ በላዩ ደፍኖ ዝም ማለት ነበር። እርሳቸውም ደፈኑ፤ ዝም አሉ።

ወ/ሮ ልዩ በአርባኛው ቀን ጉንጫቸው አብጦ፣ ሌላ ቦታ የተነሱትን ራጅ ይዘው ተመለሱ። «ዶክተር፣ የእናንተ ብረት አፌ ውስጥ ሲቀር ለምን አልነገሩኝም? አፉ የኔ አይደለም እንዴ?» አሏቸው። ጥርሱም ተነቀለ።

ከዚያ ወዲያ የሚያስተምራቸው ሰው ስላላገኙ ራሳቸውን ማስተማር ያዙ። የተነቀለ ጥርስ ከየክሊኒኩ እየለመኑ፣ ውስጡ ሆን ብለው ፋይል ይሰብሩና መልሰው ለማውጣት ይታገሉ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ወ/ሮ ሰናይት «ቤታችን ከእንግዳ ይልቅ የሰው ጥርስ በዛበት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ውሎ አድሮ ግን ከጳውሎስም ከመርካቶም ሐኪሞች የተሰበረባቸውን ወደ እርሳቸው ይልኩ ጀመር። የሰበረውን ባልደረባ አንድም ቀን አላሙም፤ «ያልተሰበረበት ያልሠራ ነው» ይሉ ነበር። አጉልቶ በሚያሳየው መነጽር ሥር አጎንብሰው፣ ስባሪውን በሚነዝር ቀጭን መሣሪያ ከዳር ዳር እያላቀቁ፣ ሁለት ሰዓት ቢወስድም አይቸኩሉም። ማውጣቱ ሥሩን የሚሰነጥቅ ከሆነ ይተዉታል፤ ነገር ግን ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ራጁን አሳይተው ይነግሩታል፣ በየዓመቱም ደውለው ይጠሩታል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ታመው ሲመረመሩ በሽታው ጉበታቸውን ጨርሶት ተገኘ። ሐኪሙ እንደ አገራችን ልማድ ለቤተሰብ ነገረ። ቤተሰቡም «የጨጓራ ነገር ነው» እያለ ሦስት ሳምንት ደበቃቸው። ይህን የመከሩት ታናሽ ወንድማቸው አቶ አድነው ነበሩ፤ በፍቅር ነው ያደረጉት።

አንድ ቀን ጠዋት ዶክተር ቦና ባለቤታቸውን «ሰኒ፣ ራጄን የት አደረጋችሁት? ሠላሳ ዓመት የሰው ራጅ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ» አሏቸው። ወ/ሮ ሰናይትም እያለቀሱ ሁሉንም ነገሯቸው። አቶ አድነው እግራቸው ላይ ሲወድቁ «ተነሥ፤ እኔም አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ» ብለው አነሷቸው።

ዕለቱን የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። በማግስቱ የታካሚዎቻቸው መዝገብ ወጣ። ስባሪው በጥርሳቸው ውስጥ የቀረ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ሃዊ እየደወለች፣ እርሳቸው ትንፋሻቸው በፈቀደላቸው መጠን እየተናገሩ፣ ወደ ማን ሄደው እንደሚታዩ ለእያንዳንዳቸው ነገሯቸው። አንዷ «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ብትላቸው «እኔ ልሄድ ነው፤ አንቺ ግን መጋቢት ላይ ራጅ እንዳትረሺ» አሏት። አሥራ ስምንቱን አገኟቸው።

ዶክተር ቦና የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውንና አራት እህት ወንድሞቻቸውን ትተውልናል።

አሥራ ዘጠነኛዋ ዊንጌት ታክሲ ማዞሪያው ጋ የክር ሱቅ የነበራቸው እናት ናቸው። ሱቁ ፈርሷል፤ ስልካቸውም አይሠራም። ስማቸው በወረቀት እንዳይወጣ ዶክተር ስላዘዙ አልጻፍነውም። ከዚህ ለቀስተኛ መካከል የሚያውቃቸው ካለ፣ ጥርሳቸውን ራጅ እንዲነሱ ይንገርልን። እርሳቸው በመጨረሻዋ ቀን እንኳ «ተገኙ?» ብለው ጠይቀው ነበር።

የሰውን ሕመም ሲያዩ አጎንብሰው የኖሩትን ወንድማችንን ቸሩ አምላክ ከአብርሃም ጎን ቀና አድርጎ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።