በደመና የሞቀ ውሃ

ሐምሌ 2
ዛሬም ደመና። ቤታችን ጣሪያ ላይ ያስተከልኩት ጥቁር ሰሌዳ የፀሐይ ሙቀት ይለቅማል፤ እንደ ፍሪጅ የሚሠራ ፓምፕ ያንን ሙቀት ስቦ ለመታጠቢያው ውሃ ይሰጣል። ውሃው ምን ያህል እንደሚሞቅ በኮምፒውተር ቀድሞ ማስላት... የመመረቂያ ጥናቴ ይኸው ነው።
እማዬ፦ «ፀሐይቱ ራሷ ሳትወጣ ያንቺ ኮምፒውተር ምን ሊያሞቅ ነው?»

ሐምሌ 5
ጉድ! ስሌቴ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ያለው ውሃ አርባ አራት ሆኖ ተገኘ። ትርፉ ሙቀት ከየት መጣ?
እማዬ ታጥባ፣ ፀጉሯን እያደረቀች፦ «ሰው ውሃ ሞቀ ብሎ ያኮርፋል እንዴ?»

ሐምሌ 6
አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። የስሌቱንና የልኬቱን መስመር አዩ። የትና የት!
«አንዷን ቁጥር ከፍ አድርጊያት፤ ይገጥማሉ።»
«ለምን እንደገጠሙ ሳላውቅ?»
«ጊዜ የለሽም፣ ልጄ።»
እውነታቸውን ነው። የማቀርብበት ቀን ደርሷል። እሺ ልበል? ... አልዋጥልሽ አለኝ።

ሐምሌ 7
አማካሪዬን እምቢ አልኳቸው። ቀኑ እንዳያልፍብኝ ግን ፈራሁ።

ሐምሌ 9
ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። እማዬ መሰላሉን ይዛ፦ «ወድቀሽ ጉድ እንዳትሠሪኝ!»
ሰሌዳውን ዳሰስኩት። ርጥብ! ዝናብ የለ፣ ምን የለ። በጨርቅ ወለወልኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወዛ።
ለካስ ፓምፑ ሙቀቱን ሲስብበት ሰሌዳው ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱን ለሰሌዳው ያስረክባል። እኔ ያሰላሁት ፀሐይን ብቻ! ሳቄ መጣ።
«ምን ያስቅሻል?»
«አላበው፣ እማዬ! ሰሌዳው አላበው!»
«እኔም መሰላል ይዤ አልቦኛል፤ ለኔ ማን ይሳቅልኝ?»

ሐምሌ 14
የእርጥበቱን ስሌት ጨመርኩ። ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ቁጭ! አንዲት ቁጥር ሳልነካካ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ማን ያየኛል?

ሐምሌ 21
አቀረብኩ።
ከፈታኞቹ አንዷ፦ «እንዲህ ያለውን ልዩነት ብዙ ሰው ቁጥር ነካክቶ ያልፈዋል። አንቺስ?»
አፌን ሳልከፍት አማካሪዬ ብድግ አሉ። «እለፊው ያልኳት እኔ ነኝ። እምቢ አለችኝ። እንኳንም አለች!»
አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አለፍኩ... በከፍተኛ ውጤት!
እማዬ ከኋላ ወንበር ሁሉንም ሰምታለች። ምን ያህሉ ገብቷት ይሆን? ስንወጣ በር ላይ ቆማ፣ የማታውቃቸውን ሰዎች ሳይቀር እያስቆመች፦
«ያቺ እምቢ ያለችው... የኔ ልጅ ናት።»