የብርሃን ፍጥነት በሙሉ ድምፅ የጸደቀበት ሐሙስ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለወንድም ጋሼ መርስዔ ኀዘን፤
አሰብ።

ከሰላምታ በፊት አንድ ከባድ ዜና አለኝና እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡት። ከአሰብ የላኩልኝ ባለታኮ ጫማ የግራው ታኮ፣ ባደረበት የመሰንጠቅ ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ፣ ከሳምንት በፊት ቅዳሜ ጠዋት በጣና ዳር ግዳጁን በመወጣት ላይ እንዳለ ከተረከዙ ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም እዚያው ደንገል ውስጥ ተፈጽሟል። የቀኙ በሕይወት አለ፤ ግን ብቻውን ምን ሊሆን።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ የወደብ ሙቀት የሚያስነሳብዎ ራስ ምታት እንዴት ነው? እማዬስ እንዴት ናት? የአሰብን ውሃ ለመደችው ወይስ አሁንም እንደ ኮሶ ፊቷን አጨፍግጋ ነው የምትጠጣው? እሌኒስ? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የባሕር ዳር ጥር እንደሚያውቁት ነው፤ ጠዋት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ስብሰባ።

እንግዲህ የታኮውን ነገር ልንገርዎ። የሞተው በብርሃን ምክንያት ነው።

ባለፈው የጻፍሁልዎን ዳኘውን ያስታውሱታል፤ የፊዚክስ መምህሩን፣ ረጅሙን፣ ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስል ጣቶቹን የሚያፋትገውን። በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ያስመረጠኝም ንቃቴ ሳይሆን የቀበሌው ታይፕ ጸሐፊ መሆኔ ነው። አንድ ሐሙስ ካድሬያችን ጓድ ክንዱ በዓለም ላይ የማይለወጥ ነገር አንድም እንደሌለ ሲያስተምሩን አመሹ። ተራራውም፣ ወንዙም፣ መደቡም ይለወጣል አሉ። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ሁላችንም እንደ ልማዳችን እንቅልፋችንን አስተካከልን። ዳኘው ግን እጁን አወጣና «ከብርሃን ፍጥነት በቀር» አለ።

አርፎ መቀመጥ ሲችል ጭራሽ ማስረዳት ጀመረ፤ የሚለካው ሰው ቢሮጥም ቢቆምም፣ መብራቱን የያዘው ቢመጣም ቢሄድም፣ ብርሃን በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ አይጨምርም አይቀንስም አለ። ጓድ ክንዱ መነጽራቸውን አወለቁና «ማን ፈቀደለት?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። የማይለወጥ ነገር አለ እያለ ወጣት የሚያስተምር መምህር ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል ተባለ። ወደ አንድ ሩቅ በረሃ እንዲዛወር ደብዳቤ ሊጻፍበት ነው የሚል ወሬም ወጣ። ወሬው እውነት ከሆነ ደብዳቤውን በታይፕ የምመታው እኔው ነኝ። እንጀራዬ ነው፤ ግን ጣቶቼ የዚያን ሰው ስም እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ለመምታት አሻፈረኝ እንደሚሉ አውቄዋለሁ።

ጓድ ክንዱ ግን ፍትሕ ይወዳሉና «ይለካ» አሉ። ዳኘው የዓይን ሽፋሽፍት ሳይገጠም ብርሃን ዘጌ ደርሶ እንደሚመለስ፣ በእጅ ሰዓትም እንደማይለካ ቢናገር «ለሰፊው ሕዝብ የማይቻል የለም» ተባለ። ወዲያው አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በዚህ ከተማ እስካሁን ኮሚቴ ያልተቋቋመለት የጣና ማዕበል ብቻ ነው። ጓድ ክንዱ በሞተር ጀልባ ዘጌ ይሻገራሉ፤ ልክ በሦስት ሰዓት የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ወደ እኛ ይልካሉ፤ እኛ የደረሰበትን ሰዓት እንይዛለን። በአራት ሰዓት ደግሞ እኛ እንልካለን፤ እሳቸው ይይዛሉ። ሁለቱን ትልልቅ መስታወት ያዋሰችን ጎረቤቴ ነጋዴዋ ሸምሲያ ናት። «ብርሃኑ ቢጠፋ ግድ የለኝም፤ መስታወቴ ከተሰበረ ግን ኮሚቴ አላውቅም» ብላ እኛ ዘንድ ያለውን ልትጠብቅ እስከ ሐይቁ ተከተለችን። ታኮው የተሰዋውም መስታወቱን በአንድ ወገን ይዤ ከድንጋይ ድንጋይ ስዘል ነው።

አሁን ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ምስጢር ልንገርዎ። የጓድ ክንዱ ሰዓት ከሬዲዮው ሰባት ደቂቃ ይቀድማል። ማንም ትንፍሽ አይልም። ስብሰባ የሚጀመረው በሳቸው ሰዓት ስለሆነ ሁላችንም ቀድሞ መድረስን ለምደናል፤ የራሱን ሰዓት በሳቸው ያስተካከለም አለ። የዳኘው ሰዓት ግን በሬዲዮ ነው።

ስለዚህ በዳኘው ሰዓት ለሦስት ሰባት ጉዳይ ሲል ከዘጌ በኩል ቦግ አለ። ብርሃኑ ከመነሣቱ በፊት ደረሰ! በአራት ሰዓት እኛ የላክነው ደግሞ ዘጌ የገባው በጓድ ክንዱ ሰዓት ልክ በአራት ሳይሆን ከአራት ሰዓት ሰባት ደቂቃ አልፎ ነው።

ሐሙስ ማታ አዳራሹ ጢም አለ። ጓድ ክንዱ ውጤቱን አነበቡና «ከገጠር ወደ ከተማ ሲመጣ ከቀጠሮው ቀድሞ ይደርሳል፤ ከከተማ ወደ ገጠር ሲላክ ግን ይለግማል። ይህን ጠባይ ከአንዳንድ መምህራን እናውቀዋለን» አሉ። ዳኘው ቆሟል። ሰዓትዎ ተሳስቷል ቢል አለቀለት፤ ዝም ቢልም አለቀለት።

ያወጣው ከኋላ ወንበር የመጣ ድምፅ ነው። ሸምሲያ «እኛ ነጋዴዎች ሁለት ሚዛን ሲጣላብን ስኳሩን አንወቅስም» አለች። «ሰዓቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና ይታረቁ። እናንተም መስታወቴን መልሱልኝ፤ የዘጌው እስካሁን ቤቴ አልገባም!» እርቅ ሲባል እንቢ የሚል ማን አለ? ሁለት ሽማግሎች ተነሡ፤ ሰዓቶቹም እንደ ባላንጣ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ቀረቡ። ሰባቱ ደቂቃ ፍጥጥ ብሎ ታየ። ጓድ ክንዱ አንዱንም ሌላውንም አየት አየት አደረጉና «የመምህሩ ሰዓት ኋላ ቀር ነው» ሲሉ ፈረዱ።

ዳኘው ሳያቅማማ ሰዓቱን ሰባት ደቂቃ ወደ ፊት ገፋ፤ ሰዓቱንም ወክሎ ባጭሩ ግለ ሂስ አደረገ። ከዚያ ሽማግሎቹ የኛን ምዝገባ በታረመው ሰዓት ቢያሰሉት የብርሃኑ መምጣትም መሄድም እኩል ሆኖ ተገኘ። የብርሃን ፍጥነት የማይለወጥ መሆኑ በጭብጨባና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «ሌላ መመሪያ እስኪመጣ ድረስ» የምትለዋን ያስጨመሩት ጓድ ክንዱ ናቸው። የዝውውሩም ወሬ እዚያው ቀረ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲወጡ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ሬዲዮውም ኋላ ቀርቶ ይሆን?» አሉኝ። እኔም ስለ ሬዲዮ ኃላፊነት እንደሌለብኝ ገለጽሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ዳኘው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በሐይቁ ዳር ስንሄድ፣ እስኪ እውነቱን ንገረኝ፣ በርግጥ አይለወጥም ወይ አልሁት። ሄዶ የተመለሰውን ብርሃን መነሻው ላይ ባለ አንድ ሰዓት ብቻ ብዙዎች ለክተው ያው ሆኖ እንዳገኙት ነገረኝ። «የመሄጃውን ብቻ ግን ማንም ለክቶት አያውቅም። ማዶ ያለው ሰዓት ከዚህኛው ጋር እኩል ነው ብለን አስቀድመን መስማማት አለብን» አለ። ጓድ ክንዱ እንዳደረጉት ነው በለኛ ስለው፣ «ከሞላ ጎደል፤ በጭብጨባ ባይሆንም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጣቶቹን እያፋተገ «እኔም ላንቺ አንድ ቃል ልኬ ነበር፤ መሄዱን ብቻ ነው የማውቀው» አለኝ።

ቃሉ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልደብቅም፤ ባለፈው መስቀል ሰሞን «እንጋባ» ብሎኝ ነበር። የዱርቤቴ ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። ሰዓቱን ወክሎ ጥፋቴ ነው ያለ ሰው ሚስቱንም ወክሎ ለማለት አይከብደውም ብዬ ገምቻለሁ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ሽማግሌ የሚላከው ወደ እርስዎ ነው፤ አሰብ ደግሞ እንደ ዘጌ በጀልባ አይሻገሩትም። ስለዚህ ጉዳዩ ገና በጥናት ላይ ነው አልሁት እንጂ ምንም መልስ አልሰጠሁትም። የእርስዎን ፈቃድ ሳልሰማ የምሰጠው መልስ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሾፌሩ አዘዘ ነው። በፖስታ ቤት ያልላክሁት ቴምብር ለመቆጠብ ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ዛሬም እንደ ልጅ እንደምታስለቅሰኝ ይንገሩልኝ። ለእሌኒ የጣና ደረቅ ዓሣ ልኬያለሁ፤ ሽታውን ታግሣ ጣዕሙን ትይ። ባንቺአየሁን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። ትንሹን ፅጌ ማርያምን አንዱን ብቻ፤ ሌላው መቼም ከረሜላ አያጣውም። ለእርስዎ ጤናውንና ዕድሜውን ያብዛልዎ።

ታናሽ እኅትዎ የሺአረግ
ባሕር ዳር፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ማረሚያ፦ ከፍ ብሎ «ምንም መልስ አልሰጠሁትም» ተብሎ የተጻፈው በጸሐፊዋ ስሕተት ስለሆነ፣ «እዚያው ሐይቁ ዳር እሺ ብየዋለሁ፤ የዳኘው ሦስት ሽማግሌዎችም በዚሁ በአዘዘ መኪና ተሳፍረው መጥተዋልና ይህን ሲያነቡ በር ላይ ቆመዋል» ተብሎ ተስተካክሎ እንዲነበብ በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።