እስከ ሦስት ሲቆጠር

ነሐሴ 4፣ ጧት 2፡00

ቁርጭምጭሚቴ ቀልቷል። ከአዲሱ የእግር ማሰሪያ ጋር አራተኛ ቀኔ። ጋሽ ኡባንግ ልብ ብለሽ ያዢ ብሎኛል፤ የት እንደሚወጋ፣ የት እንደሚላላ። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም፤ በአፌ እንደማልነግረው ስለማውቅ ላንቺ እጽፋለሁ፣ ደብተሬ።

ለመግባት በጣም ቀላል። የኋላውን ክንፍ አጋድማለሁ፣ እግሬን አንሸራትቼ አስገባለሁ፣ ክንፉን አነሳለሁ፣ ተረከዙ ላይ ያለችውን እጀታ እጫናለሁ። ቀጭ። በቃ። አሮጌው ብረቴ ሰባት ቀዳዳ አለው። ክሩ አንዱን ከሳተ ፈትቼ እንደገና ከታች ነበር የምጀምረው። አሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየኛል።

ነሐሴ 6

ከየት እንደመጣ አልጻፍኩልሽም ለካ። አብሬያት የምኖረው አክስቴ፣ ከድጃ፣ ገበያ ውስጥ ሳልባጅ ትሸጣለች። ባለፈው ወር ከልብሱ ቦንዳ መሀል ሁለት የፕላስቲክ ነገሮች ወጡ። የግራና የቀኝ። ጫማ ይመስላሉ፣ ግን ታችና ጀርባ ብቻ፤ ከላይ ሰፊ ጠፍር። ማንም አላወቃቸውም። አንዷ ሴትዮ የሕፃን መቀመጫ ነው ብላ ልትገዛ ነበር። ኋላ አንድ የእርዳታ መኪና ሹፌር አየና ሳቀ። በበረዶ አገር ሰዎች ሳንቃ ላይ ቆመው ከተራራ ይንሸራተታሉ አለ። ይሄ እግርን ከሳንቃው ጋር የሚያስር ነው፤ ጎንበስ ብሎ መታገል ለሰለቸው ሰው፣ በቶሎ የሚገባበት።

ጋሽ ኡባንግ ጫማ ይሰፋል፤ ቦታው ከአክስቴ መደብ አጠገብ ነው። መዝሙሩን አቁሞ ነገሩን አገላበጠ። ከዚያ እግሬን አየ። ቀሚሴን ወደ ታች ሳብኩ። ከወሎ መጥተን አቦቦ፣ መንደር 11 በሰፈርን በዓመቱ ትኩሳት ያዘኝ፤ ግራ እግሬ እንደቀጠነ ቀረ። እሱ ግን አላፈረም። የአሮጌ አልጋ ብረት ቆርጦ፣ አጥፎ፣ የግራውን በብሎን ገጠመልኝ።

የቀኙን አስቀምጦታል። ለአሪየት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለች የስምንት ዓመት ልጅ፣ ቀኝ እግሯ እንደኔው። ግን መጀመሪያ አንቺ ትሞክሪዋለሽ አለኝ። ጥሩ ነው ካልሽ ለእሷም እገጥማለሁ።

ነሐሴ 9፣ ከሰዓት

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ልንገርሽ።

የአክስቴ በቆሎ ከባሮ ማዶ ነው። ድልድዩ ለእኔ እግር ሩቅ ስለሆነ በኡጁሉ ታንኳ ነው የምንሻገረው። ኡጁሉ ደግሞ ሕግ አለው፦ የታሰረ አይሳፈርም። ጫማ ይወልቃል። የነጠላ ቋጠሮ ይፈታል። ሕፃን ከጀርባ ወርዶ በእጅ ይያዛል። የፍየል እግር እንኳን ይፈታል። እህቱ ድሮ ቅርጫት በወገቧ አስራ ስትሻገር ታንኳው ተገለበጠ፤ ቋጠሮው ነው ያስቀራት ይላሉ። ስለዚህ እኔም ሰው ሁሉ እየጠበቀ ሰባት ቀዳዳ እፈታ ነበር። ከዚያ አክስቴ እንደ ጆንያ ተሸክማ ታስገባኛለች። ዓይኔን ጨፍኜ።

ዛሬም አውልቂ አለ። አክስቴ የበረዶውን ሳንቃ ወሬ ነገረችው። ኡጁሉ በሳቅ ፈረሰ። "ወዶ? ወዶ እግሩን ከእንጨት ጋር ያስራል? እኔ ጋ እንዳይመጣ ንገሪው!" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ልጅ፣ ስንት ልቁጠር?"

አፌ እምቢ አለ። በጣቴ ሦስት አሳየሁት።

"አንድ። ሁለት።" ቀጭ። እግሬ ወጣ። ሦስት ሳይል።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ኡጁሉ እጀታዋን ራሱ ሁለቴ ሞከረና ይሄ አልታሰረም፣ ግቢ አለ። ማሰሪያዬን እንዳደረግሁ፣ ቆሜ፣ በራሴ እግር ገባሁ።

ነሐሴ 15

ለጋሽ ኡባንግ። ጠፍሩ አውራ ጣቴ ላይ ይጫናል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ የፍራሽ ስፖንጅ ወትፌ ቀይ መሆኑ ቀረ። ፕላስቲኩ ያልባል፤ ማታ እግሬ ታጥቦ እንደዋለ ልብስ ይሸበሸባል። ለመራመድ ከአሮጌው ይሻላል፤ ጉልበቴ አይከዳኝም። ይህን ሁሉ ሄጄ ልነግረው ነበር። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበረ። ተመለስኩ።

ነሐሴ 19

አንድ ነገር ሆነ። ዛሬ ከታንኳው ስወርድ ውኃው ዳር ያለው ደለል ውስጥ ገባሁ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ቤት ደረስኩ። እጀታዋ አልነሳም አለች። በሁለት እጄ። በማንኪያ እጀታ። ደቃቁ አሸዋ ጥርሶቿ መሀል ገብቶ ነክሶ ያዛት። እግሬ ውስጡ እንዳለ ማበጥ ጀመረ። በመጨረሻ ላምባ አፈሰስኩባት፤ ተፈናጥራ ተከፈተች።

አክስቴ አላየችም። አጥቤ አደረቅኳት። አሁን ትሠራለች። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

አንዴ ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው።

ነሐሴ 22

አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ዛሬም።

ጋሽ ኡባንግ መንገድ ላይ አገኘኝ። "እህስ ልጄ? እንዴት ነው ማሰሪያ? አሪየት እናት በየቀኑ እኔን ትጠይቃለች።" ለአዲሱ ዓመት ከወንዙ ወዲህ በተከፈተው አዲስ ት/ቤት ልታስመዘግባት ነው፤ አካባቢው ክልል ከሆነ ወዲህ ሕፃናቱ በራሳቸው ቋንቋ የሚማሩበት። እግር ከሌላት ግን ማን ያመላልሳታል?

ደለሉን ብነግረው ለኡጁሉ ይነግራል። ኡጁሉ አውልቂ ይላል። ጆንያ እሆናለሁ።

ጥሩ ነው አልኩት። ሁለት ቃል። በወሩ ውስጥ ለሰው የተናገርኩት ሁለት ቃል እሱ ነው።

ነሐሴ 27

የቀኙን ገጠመላት። ሱቁ በር ላይ ተሰብስበን አየን። ክንፉን ቆርጦ አሳጥሮታል፣ ብረቱን አቅጥኖታል። አሪየት እግሯን አስገባች፣ ተነሳች፣ ያዙኝ ሳትል አራት እርምጃ ሄደች። እናቷ እጄን በሁለት እጇ ይዛ በቋንቋዋ ብዙ አለችኝ። ጋሽ ኡባንግ ተረጎመው፦ አንቺ ጥሩ ነው ባትይ አይሆንም ነበር ነው የምትለው። መሬት መሬት አየሁ።

አሪየት አማርኛ አታውቅም። ዛሬ ግን ተምራለች። እጀታዋን ይዛ ትጮኻለች፦ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ተፈታ!" እንደገና። እንደገና። ኡጁሉም ነበረ። ቆጠረላት። ደረቅ መሬት ላይ። ሦስት ሳይል ተፈታ። አንቺም እንደ እሷ ታስረሽ ትሻገሪያለሽ አላት፣ ወደ እኔ እያሳየ።

ጳጉሜ 1

ክረምቱ በርትቷል። ባሮ ቀለሙ ተለወጠ፤ የተፈጨ ጡብ ይመስላል። ጧት ሥሩ የተነቀለ ዛፍ አለፈ፣ ቅርንጫፉ ላይ ዶሮ ቆማለች። ማንም አልሳቀም። ውኃው ዳር ላይ ያለው የማንጎ ዛፍ ሥር ደርሷል። ኡጁሉ ታንኳውን እዚህ ማሳደር ትቶ ከማዶ፣ ከቤቱ ፊት ያስረዋል። በቀን ሁለቴ ብቻ ነው የሚሻገረው።

አክስቴ መንደር 11 አባቴ ጋ ሄደች፤ የበዓል እህል ልታመጣ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቶሎ አትመለስም። ብቻዬን ነኝ።

ጳጉሜ 2፣ 9፡00

ሳፋ ውስጥ የወንዝ ውኃ ከነደለሉ ሞላሁ። ማሰሪያዬን አድርጌ እግሬን ነከርኩ። ትንሽ አንቀሳቀስኩ፣ ሰው ውኃ ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ። ከዚያ እጀታዋን ያዝኩ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ሃምሳ። ስልሳ። ጣቴ ደማ። መቶ አርባ ላይ መቁጠር ተውኩ፤ እግሬን ያወጣሁት እንደገና በላምባ ነው።

የአሪየት ጣቶች ከእኔ ያነሱ ናቸው።

ጳጉሜ 3

ጋሽ ኡባንግ ጋ ሄድኩ። ሰላም ልጄ አለኝ። አሪየት ነገ ጧት በመጀመሪያው ታንኳ ለምዝገባ ትመጣለች አለ፤ አዲስ ቀሚስ ተገዝቶላታል። ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ደለል የሚለው ቃል አልወጣኝም። ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም። ለመዝሙር ልምምድ ሊሄድ ሱቁን ዘጋ። እኔም በሰላም ዋል አልኩት።

ፈሪ ነኝ። ጻፊው፣ ደብተሬ። ፈሪ።

ኋላ ተመልሼ ቤተ ክርስቲያናቸው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ ይዘምራሉ። ሁሉም ዞረው ያዩኛል። ተመለስኩ።

ጳጉሜ 4፣ 11፡40፣ ሲነጋጋ

ከበሩ ወንዙ ይታየኛል። ማንጎው ግማሽ ድረስ ውኃ ውስጥ ነው። ከማዶ ሆኖ ጩኸቴን የሚሰማ የለም። ኡጁሉ የሚነሳው ፀሐይ ስትወጣ ነው።

በድልድዩ እሄዳለሁ። ወሰንኩ።

አዲሱን ፌስታል ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ትናንት ማታ እንደገና ደለል ውስጥ ነክሬ ዘግቼዋለሁ፣ አላጠብኩትም። ኡጁሉ ፊት አስቀምጠዋለሁ። ቃል ካልወጣኝ ቁጠር ብዬ በጣቴ አሳየዋለሁ። ሦስት። ከዚያ ይክፈተው። እናቷም ታያለች። ጋሽ ኡባንግም ይሰማል። እኔ ጥሩ ነው እንዳልኩ ሁሉም ያውቃል።

ከእንግዲህ ሰው እየጠበቀኝ እየፈታሁ፣ እንደ ጆንያ እየተሸከሙኝ እሻገራለሁ። እሺ።

አሮጌውን ብረቴን ከግድግዳው አውርጄ እያሰርኩ ነው የምጽፍልሽ። ክሩ ደርቋል። አንደኛው ቀዳዳ። ሁለተኛው። እጄ ቶሎ አይልም። ሦስተኛው።

ሰማዩ ቀላ። ታንኳው ከማዶ ገና እንደታሰረ ነው። እነ አሪየት ቤት በር ላይ አንድ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ቀሚስ ይመስላል።

አራተኛው። አምስተኛውን ስቻለሁ፣ ክሩ ስድስተኛው ገብቷል።

ይግባ። ዛሬ ከታች አልጀምርም።