ባዶ ነበር ስለተባለው የፊት ወንበር

ለተከበሩ አቶ ደሳለው፣ የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ እንዴት ነው? አላህ ሁለቱንም ያቆይልዎ። እኔ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ በገዛኋት መኪና ከመካነ ሰላም አጅባር ሰው አመላልስ የነበርኩት ረምዚያ ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥር የኤርባጉ መብራት አልጠፋ ቢለኝ፣ ከጎኔ ባለው ወንበር ሰው መቀመጡን አውቆ ኤርባጉን የሚያስከፍተው ሴንሰር ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ወደ እርስዎ መጣሁ። እርስዎም ወንበሩን ሳያነሡ፣ አንድ ሽቦ ሳይነኩ፣ የዳሽቦርዱን አምፖል ነቅለው በሽታውን አዳኑልኝ። መብራት ካልታየ ችግር የለም ብለው ማህተም መቱ፤ እኔም መርቄዎት ወጣሁ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ እህቴ ስለ ሰልሰቢል ነው። የሰፈሩን ሴት ልጆች ቁርኣን የምታቀራ ናት። ማህተምዎ በተመታ በስምንተኛው ቀን ከጎኔ አስቀምጫት ስንሄድ፣ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና መጣብን። የእኔ ኤርባግ ተከፍቶ ደረቴን ተቀበለኝ። የእሷ አልተከፈተም። ቀበቶዋን አስራም ፊቷ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨ፤ ግራ ዓይኗ ፈሰሰ፣ ቀኙም ከዚያ ወዲህ ብርሃንን ከጨለማ ብቻ ይለያል።

ከሁሉ በላይ ግን ሪፖርትዎን አደንቃለሁ። ከአደጋው በኋላ የመኪናዋን ኮምፒውተር አንብበው፣ የፊት ወንበሩ ባዶ እንደነበረና ተጎጂዋ የት እንደተቀመጠች እንዳልታወቀ ጻፉ። መኪናዋ ታምሜያለሁ ስትልዎ አምፖሏን ነቀሉ፤ ስትዋሽ ግን ቃሏን ተቀብለው ፈረሙ። ሳነብላት ሰልሰቢል፣

«እና እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ።

 እርስዎ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው ይህን በአደባባይ መጻፌ።

ደሴ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አህመዲን፣ ወንበሩን አንሥቶ፣ በቴስተር ለክቶ፣ የተበጠሰውን የሴንሰሩን ሽቦ ያገኘው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ያየውን ጽፎ ፈርሞልኛል፤ ወረቀቱም ከሪፖርትዎ ጋር ፍርድ ቤት ገብቷል። ልጆቹ ዛሬም ሰልሰቢል ዘንድ ቁርኣን ይቀራሉ፤ ሲሳሳቱ በቃሏ ታርማቸዋለች።

ለዕውቀትዎ ጥልቀት ልኬት ያጣሁለት፣ ከሥልጣንዎ ወንበር ሳይነሡ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣ በማህተምዎ ከጠፉት መካከል በስህተት የተረፈችው ታዛዥዎ፣

ረምዚያ ሱሌማን

ማሳሰቢያ፦ ሰሞኑን የባለቤትዎን መኪና ይዘው ደሴ፣ አህመዲን ዘንድ ሄደው የፊት ወንበሯን እንዳስፈተሹ ሰማሁ። መኪናዋ ጤነኛ ናት አሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ለካ ወንበር ተነሥቶ ሥሩ እንደሚታይ ያውቃሉ።