የማትቀበረዋ ተክል

ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ፤

እታለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ችግኝ መደብ ላይ ስታጎነብሺ የሚይዝሽ ወገብሽስ ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም ማለዳ ማለዳ ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትነሺው? ጋሼስ ሳላቸው ተሻላቸው? አክስታችንስ አሁንም የሚሰሙት ሐሜት ሲሆን ብቻ ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴን ግን እንዳታምኚኝ፤ የሰላምታ ወግ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውን ከማብሰያው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ስደውልልሽ የምትሰሚው ወሬ ለአንቺ ሳይሆን ከመጋረጃው ጀርባ ለተኛችው ሚስቴ የሚወራ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሥራ ቦታዬ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ የሰው ሱሪ በክርኔ ተጭኜ ነው። አሠሪዬ ለምሳ ወጥቷል፤ ሳይመለስ ልጨርስ።

ሙሽሪት ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል ብዬሽ አልነበር? አንቺ ካገባኋት ጀምሮ ሙሽሪት ማለቱን ስላልተውሽ እኔም በዚሁ ልጥራት። አልተሻላትም። ሁለተኛውም አልቀረልንም፣ እታለሜ። የመጀመሪያው ገና ሳይታይ ነበር የወረደው፤ ይኼኛው ግን ስድስት ወሩን አልፎ፣ እየተራገጠ፣ እኔም ከቁራጭ ጨርቅ ኮፍያ ሰፍቼለት ነበር። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ቀረች። እህል በአፏ የሚዞረው ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ ነው። እኔ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው በማሳቅ የምታወቀው ወንድምሽ፣ የገዛ ሚስቴን ማሳቅ አቃተኝ።

በዚህ መካከል ከላያችን የምትኖር ነርስ ቤት ስትለቅ አኳሪየሟን፣ የመስታወት የዓሣ ገንዳዋን ሰጠችን። ዓሣ ማየት ልብ ያረጋጋል፣ አልጋዋ ፊት ለፊት አስቀምጥላት አለችኝ። ውሃውን ለብ አድርጎ የሚያቆይ ማሞቂያ አለው፤ ዓሦቹ የሞቃት አገር ስለሆኑ ውሃው ከቀዘቀዘ ያልቃሉ። ጅራታቸው የሐር ቁራጭ የሚመስል ጥቃቅን ዓሦች ናቸው። ከሥር ጠጠር፣ ከላይ መብራት፣ ከዚያ ሌላ ገንዳው ራቁቱን ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሙሽሪት ወደ ገንዳው ዞራ አገኘኋት። መሸሸጊያ እኮ የላቸውም፣ ቅጠል ነገር ብትተክልላቸው ምናለ አለችኝ። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ውሃ እንኳ ስጠኝ ብላኝ አታውቅም። ሰማይ ላይ ያለ ቅጠል አምጣ ብትለኝም መሰላል ፍለጋ እወጣ ነበር።

እዚህ ሰፈር የገንዳ ዓሣና ተክል የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ጢሙ በግራና በቀኝ ስለተንጠለጠለ ሁሉም በጢማሙ ዓሣ ስም አምባዛው ይለዋል፤ እሱም አይከፋውም። አንዲት ወፍራም ቅጠል ያላት፣ ጥቁር አረንጓዴ ተክል አወጣልኝ። ግንዷ ጣት ያህላል፤ ወደ ላይ አይቆምም፣ እንደ እንሽላሊት ተጋድሞ ይሄዳል። ይቺ ጠንካራ ናት፣ ሙቅ ውሃ ትችላለች፣ መብራት ቢያንሳትም ግድ የላትም፣ ብትረሳት እንኳ አትሞትም አለኝ። ስለ አተካከሏ ሊነግረኝ ሲጀምር ግን እኔ የችግኝ ጣቢያ ልጅ አይደለሁ? እጄን አወናጭፌ፣ በተክል መሀል ተወልጄ በተክል መሀል ያደግሁ ነኝ፣ ለእኔ ደግሞ መትከል ልታስተምረኝ ነው ብዬው ወጣሁ።

አባባ እንዴት እንደሚያስተክለን ታስታውሻለሽ። እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ ነፋስ እንዳይገባው አጥብቃችሁ ርገጡት ነበር የሚለን። እኔም ጠጠሩን ጎድጉጄ ግንዷን ከነሥሯ ቀበርኩና በአውራ ጣቴ ጫንኳት። እንዲያውም ትጠንክር ብዬ ከግቢው አፈርና ፍግ ቢጤ ጨመርኩባት። ውሃው ወዲያው ጭቃ ሆነ፤ ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ እየተንጠራሩ አየር ይለምኑ ጀመር። እሑድን ሙሉ ውሃ በባልዲ ስቀዳና ስገለብጥ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሶ ዋልኩ። ሙሽሪት ፈገግ ያለች መሰለኝ። ምናልባት መስሎኝ ብቻ ነው።

ምን አለፋሽ፣ ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ግንዷን ስነካው እንደ በሰበሰ ሙዝ ከጣቴ ጋር መጣ። ወደ አምባዛው ሮጥኩ። የዚች ግንድ አይቀበርም፣ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ላይ በክር ታሰራለች እንጂ፤ ሥሯ ራሱ ቀስ እያለ ድንጋዩን ይይዘዋል አለኝ። ቀጠለና፣ አንተ ሰውዬ ዓሣ ነው የምታረባው ወይስ መቃብር ነው የምትቆፍረው ብሎ ሱቅ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ። ምን ያውቃል እሱ? እኔ ግን በሩን ይዤ ነው የወጣሁት። ሌላ ተክልም አልነበረውም፤ ጭነት ሲመጣ ተመለስ ብሎኛል።

ቤት ገብቼ ነገሩን ለሙሽሪት እንደ ቀልድ አወራኋት። ለካስ አትቀበርም፣ ድንጋይ ላይ ነው የምትታሰረው አልኳት። የመቃብሩን ነገር ዘለልኩት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር የሰማችኝም አልመሰለኝ። የበሰበሰውን ነቃቅዬ ባልዲው ውስጥ ጣልኩና እጄን ታጠብኩ።

የተናገረችው ያን ዕለት ነው። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ጨው አልቋል እንደሚል ሰው፣ እኔ ባለሁበት የሚይዝ ነገር የለም አለችኝ። አንተ ምንም አልበደልከኝም፤ ወንድሜ ይምጣና ይውሰደኝ፤ አንተ ገና ነህ፣ ከሌላ ውለድ አለችኝ። እታለሜ፣ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ልጅ አልፈልግም፣ አንቺ ትበቂኛለሽ ብዬ ማልኩ። ፀጉሬን እየዳበሰች ስታባብለኝ ጊዜ የባሰ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ለመሄድ የቆረጠ ሰው ነው እንዲህ የሚያባብል።

በማግስቱ ፕላስቲክ ገዛሁ። አዎ፣ የፕላስቲክ ተክል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ተረቱ እንኳ እንዴት እንደሚወጋኝ አየሽልኝ? ተኝታ መስሎኝ ቀስ ብዬ ጠጠሩ ውስጥ ሻጥኩት። ስትነቃ፣ ተክሏ ያዘች፣ ለካ ሥሯ አልሞተም ነበር አልኳት። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሾርባ አምጣልኝ አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሆነች ብልሽ አላጋነንኩም። በላች። ፀጉሯን አበጠረች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ የዓሦቹን ውሃ ራሷ ትቀይር ጀመር። የወንድሟንም ነገር አላነሳችም። ጎረቤት ሁሉ እሰይ አለልኝ። እኔን ግን ውሸቴ እንቅልፍ ከለከለኝ። ገንዳው አጠገብ ተቀምጣ በስስት ስታይ ባየኋት ቁጥር፣ የአምባዛው ጭነት ደርሶ እውነተኛውን እስክተካ ድረስ አንድዬ ሸፍነኝ እላለሁ። ጭነቱ ግን ዛሬ ነገ እየተባለ ሰነበተ።

ትናንት ለምሳ ቤት ብቅ ስል ና እይ፣ አዲስ ቅጠል አወጣች አለችኝ። ፕላስቲክ ቅጠል አያወጣም። በቃ አእምሮዋ ተነካ፣ ያሳበድኳት እኔ ነኝ ብዬ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እጇን ውሃው ውስጥ ከተተችና ፕላስቲኩን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከኋላው ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ላይ ትንሽ የግንድ ቁራጭ በጥቁር ክር፣ በእኔው ክር ታስራ ነበር። ጫፏ ላይ ጥፍር የማታህል፣ ገና ያልተፈታች፣ ብርሃን የምታሳልፍ ቅጠል አለች። ሙሽሪት የጣልኩትን ከባልዲው አውጥታ፣ የበሰበሰውን በክር መቁረጫ መቀሴ ቆርጣ፣ ደህናውን ቁራጭ አስራው ኖሯል። ፕላስቲኩን ጠጠሩ ውስጥ ስትሰካው አልተኛሁም ነበር፤ ለእኔ ብለህ ነው ብዬ ዝም አልኩህ አለችኝ።

እልል ማለት ነው የቀረኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ዳነች፣ ቀረችልኝ አልኩ። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ በእጅጌዋ ፊቴን ጠረገችልኝ። ባዶ ቤት ጥዬህ መሄድ አቅቶኝ ነበር፤ አንድ ነገር ይያዝለት ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁት፤ አሁን ቀለለኝ አለችኝ። ለወንድሟ ደውላለታለች። ወሩ ሲያልቅ ይመጣል። ሻንጣዋ ከአልጋው ሥር ወጥቶ፣ አቧራው ተጠርጎ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። እኔ በላችልኝ ብዬ የፈነደቅሁበት እህል ሁሉ ለካ ለመንገድ አቅም ማጠራቀሚያ ነበር።

እታለሜ፣ ቃል አለቀብኝ። እወድሻለሁ ብያታለሁ። አንቺ ከሄድሽ ሌላ አላገባም ብያታለሁ። ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ሽማግሌ እልክብሻለሁ ብዬ አስፈራርቻለሁ። ሁሉንም በትዕግሥት ትሰማኛለች፣ ከዚያ እሺ፣ አሁን ምሳህን ብላ ትለኛለች። ስለዚህ ዕድሜ ልኬን ያልጠየቅሁሽን ልጠይቅሽ ነው፤ ብደፍርሽም ይቅር በዪኝ። አንቺም አንድ ጊዜ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ከቤት ወጥተሽ ነበር። ልጅ አልሰጠኋቸውም ብለሽ፣ ዘመድ አዝማዱም ጋሼን ሌላ ያግቡ እያለ ሲጎተጉታቸው። ጋሼ ተከትለውሽ ወጡ። አጥሩ ጋ ደርሰውብሽ፣ ሳይነኩሽ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አሉሽ። ረጅም አልነበረም። አንቺ ብዙ ቆምሽ፤ ከዚያ ሻንጣውን ለእሳቸው አቀበልሻቸውና ተመለስሽ። በመስኮት ሆኜ አይቻችኋለሁ፤ ግን አልሰማሁም። ምን አሉሽ? የባልና የሚስት ምስጢር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን ያችን ቃል ላኪልኝ። እንዳለች፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ላኪልኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌር አንድ ቀን አድሮ ይመለሳል፤ መልሱን በእጁ ስጪው።

አክስታችንን ሳሚልኝ፤ ለእሳቸው ግን ምንም አትንገሪ፤ ይህንን ደግሞ ጥርት አድርገው ይሰሙታል። ጎረቤታችንን አናጢውን፣ ባለቤቱንም እንደምን ናችሁ በዪልኝ። በችግኝ ጣቢያው ከአንቺ ጋር የሚውሉትን ሴቶች ሁሉ በየተራ ሰላም በዪልኝ። ሙሽሪት ሰላም ብላሻለች እንዳልልሽ መጻፌን አታውቅም። ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ያችን ቃል በራስሽ እጅ መጻፍ ካሳፈረሽ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ለእሳቸው ስጪያቸውና አንቺ ወደ ጓዳ ግቢ፤ እሳቸው ይጻፉልኝ።

ከድንቡሽነቱ ስሙ ብቻ የቀረው፣ ታናሽ ወንድምሽ
ድንቡሽ

ከልብስ ስፌት ቤቱ፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት